የመስኮት ሂሳብ በካሬ አያልቅም

ክረምት ሳይገባ ቤታቸውን ለመዝጋት የሚጣደፉ አንባቢዎች ስለ መስኮት ዕቃ አቆጣጠር ደጋግመው ጽፈውልናል። ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠን ከእነ ቁጥራቸው እንመልሳለን። የእርስዎ መስኮት ልክ የተለየ ቢሆንም በስሌቱ ውስጥ የራስዎን ቁጥር ተክተው ማስላት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የቤቴ ልስን አልቆ አሉሚኒየም መስኮት ላስገጥም ነው። 1.50 በ1.20 የሆኑ 8 መስኮቶች እና 60 በ60 የሆኑ 2 የመታጠቢያ ቤት መስኮቶች አሉ፤ ሁሉም ባለ ማጠፊያ ናቸው። ከባለሙያው ጋር የእጅ ዋጋውን በካሬ ተስማምተን ዕቃውን እኔ ልገዛ ነው። የሰጠኝ ዝርዝር ግን “ሲልከን 10፣ ፊሸር 1 ፓኮ፣ ጎማ እንደ አስፈላጊነቱ” ይላል። ይህ ይበቃል? ራሴ ላስላው ብልስ ከየት ልጀምር?
አንባቢ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ አይበቃዎትም። ዝርዝሩ የወጣው መስኮት ተቆጥሮ ነው። መስታወት በካሬ ይሰላል፤ ፍሬም፣ ጎማ፣ ሲልከን እና ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ግን የሚከተሉት የመስኮቱን ዙሪያ ነው። 1.20 በ1.20 የሆነ አንድ መስኮት 1.44 ካሬ ሲሆን ዙሪያው 4.80 ሜትር ነው። አራት የ60 በ60 መስኮቶች ተደምረው ያው 1.44 ካሬ ይሆናሉ፤ ዙሪያቸው ግን 9.60 ሜትር ይመጣል። ካሬው ሳይጨምር ጎማውም ሲልከኑም እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ትንንሽ መስኮት የበዛበት ቤት ዕቃው በካሬ ሲገመት የሚጎድለው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃ በመሃል ሲያልቅ ደግሞ ሥራው አይቆምም፤ ሳይት ላይ በተገኘው ነገር ይጨረሳል። ክረምት ላይ የሚያፈሰው መስኮት አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ የተጨረሰው ነው።

መጀመሪያ ሜትር ይያዙ። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃል እና ከታች፣ ቁመቱንም በግራ፣ በመሃል እና በቀኝ ለክተው ከሦስቱ ትንሹን ይውሰዱ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ ይለኩ። ልዩነታቸው ከ1 ሴ.ሜ ከበለጠ ክፍተቱ ከስኳድራ (ከትክክለኛው የ90 ዲግሪ ማዕዘን) ወጥቷል፤ መስተካከል ያለበት በልስን ነው፣ በሲልከን አይሸፈንም። ፕላን ላይ ያለውን ቁጥር አይመኑት። ብሎኬቱ ላይ 1.50 የተተወ ክፍተት በየጎኑ 2 ሴ.ሜ ልስን ሲገባበት 1.46 ይሆናል። 1.50 ያሉን ከልስን በኋላ የተለካ እንደሆነ አድርገን እንቀጥል። በየጎኑ 1 ሴ.ሜ ይቀነስለታል፤ ስለዚህ የትልቁ ፍሬም 1.48 በ1.18፣ የትንሹ 58 በ58 ይሆናል።

ይህች 2 ሴ.ሜ ምን እንደምታተርፍ የሚታየው ቤርጋው (ፍሬሙ የሚቆረጥበት ረጅሙ የአሉሚኒየም ዘንግ) ሲቆረጥ ነው። አንድ ቤርጋ 6 ሜትር ነው እንበል (ሲገዙ ለክተው ያረጋግጡ)። ብዙ ሰው 1.50 አራት ጊዜ 6 ሜትር ነው ብሎ ያሰላል። መጋዙ ግን ይበላል፤ በ45 ዲግሪ የሚቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ በሁለት ጫፉ 1 ሴ.ሜ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ከአንድ ቤርጋ አራት የ1.50 ቁራጭ አይወጣም፤ አምስት የ1.20 ቁራጭም አይወጣም። በክፍተቱ ልክ ካሰሉ ከአንድ ቤርጋ ቢበዛ አራት ቁራጭ ነው የሚያገኙት። ለ8ቱ ትልልቅ መስኮቶች 32 ቁራጭ ስለሚያስፈልግ 8 ቤርጋ ያልቃል። ከትራፊው ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን የ60 ሴ.ሜ ቁራጭ ቢበዛ አራት ይገኛል፤ የሚያስፈልጉት ግን ስምንት ናቸው። ዘጠነኛ ቤርጋ ይገዛሉ።

በትክክለኛው የፍሬም ልክ ሲሆን የ1.48 ቁራጭ ከእነ መጋዙ 1.49 ይይዛል፤ አራቱ 5.96 ሜትር ናቸው፣ ይወጣሉ። የ1.18 ቁራጭ 1.19 ይይዛል፤ አምስቱ 5.95 ናቸው፣ እነሱም ይወጣሉ። 16ቱ ረጅም ቁራጮች ከ4 ቤርጋ፣ ከ16ቱ አጭር ቁራጮች 15ቱ ከ3 ቤርጋ ይገኛሉ። ስምንተኛው ቤርጋ ላይ የቀረችውን አንዷን 1.18 ሲቆርጡ 4.81 ሜትር ይተርፋል። ለሁለቱ መታጠቢያ ቤቶች የሚያስፈልጉት 8 ቁራጮች በ59 ሴ.ሜ ሲሰሉ 4.72 ሜትር ናቸው። ሁሉም በ8 ቤርጋ አለቀ። ይህ የሚሠራው የትልቁም የትንሹም ፍሬም ፕሮፋይል (የአሉሚኒየሙ ቅርጽ) አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። የቤርጋው ጫፍ ተጨፍልቆ ወይም ቀለሙ ተልጦ ከመጣም 4 ሴ.ሜ ትራፊው አይበቃም፤ ስለዚህ ሲረከቡ ሁለቱንም ጫፍ ይዩ። ለተከፋቹ ክፍል እና ለመሃል ቋሚውም ባለሙያው እንዲህ ያለ የቁርጥ ዝርዝር በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎት ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁት። ዝርዝሩን ሊጽፍ ያልቻለ ባለሙያ ብዛቱን በዓይኑ ገምቷል ማለት ነው።

ወደ ፊሸሩ እንምጣ። የመጀመሪያው ከማዕዘኑ 15 ሴ.ሜ ገባ ብሎ ይመታል፤ ከዚያ በሁለት ፊሸር መካከል ያለው ርቀት ከ60 ሴ.ሜ መብለጥ የለበትም። ለአንድ ጎን ርዝመቱን ይውሰዱ፣ 30 ሴ.ሜ ይቀንሱ፣ ለ60 ያካፍሉ፣ ትርፍ ካለ ወደ ላይ ያጠጋጉ፣ 1 ይጨምሩ። 1.48 ሲቀነስ 30 ሴ.ሜ 1.18 ነው፤ ለ60 ሲካፈል 2 ይጠጋል፣ 1 ሲጨመር 3። የ1.18ቱም ጎን እንዲሁ 3 ይመጣል። አንድ ትልቅ መስኮት 12 ፊሸር፣ የመታጠቢያ ቤቱ በየጎኑ 2 ሆኖ 8 ይፈልጋል። 96 እና 16 ሲደመሩ 112። የሚሰበር እና ቀዳዳው የሚሰፋበት አይጠፋምና 120 ይግዙ።

ከቁጥሩ ይልቅ ርዝመቱ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ብሎኑ የሚያልፈው 4 ሴ.ሜ ያህል ፕሮፋይል፣ 1 ሴ.ሜ ክፍተት እና 2 ሴ.ሜ ልስን ነው። ልስን ክብደት አይሸከምምና አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ጠንካራው ግድግዳ ውስጥ ቢያንስ 5 ሴ.ሜ መግባት አለበት። ተደምሮ 12 ሴ.ሜ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚገዙት 10 በ120 ሚ.ሜ የሆነውን ረጅሙን የፍሬም ፊሸር ነው። ለመብራት ማብሪያ የሚመታው አጭሩ ፊሸር ልስኑ ውስጥ ይቀራል፤ መስኮቱ በነፋስ ሲንቀጠቀጥ ዙሪያው ይሰነጠቃል። ግድግዳዎ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ፊሸሩ ባዶው ውስጥ እንዳይንጠለጠል በመስኮቱ ዳርና ዳር ያሉት የብሎኬት ቀዳዳዎች በኮንክሪት መሞላታቸውን ያረጋግጡ። ብሎኑ ዝገት የማይዘው ወይም ጋልቫናይዝድ ይሁን። ጥቁሩ የጂፕሰም ብሎን ርካሽ ስለሆነ ብዙ ቦታ ይገባል፤ በአንድ ክረምት ዝጎ ቡናማ መስመር በአዲሱ ቀለም ላይ ያወርዳል።

በእያንዳንዱ ብሎን አጠገብ በፍሬሙ እና በግድግዳው መካከል የፕላስቲክ ሽብልቅ ይገባል። እሱ ከሌለ ብሎኑ ሲጠብቅ ፍሬሙን ወደ ግድግዳው ጎትቶ ያጎብጠዋል፤ ተከፋቹም አልዘጋ ይላል። ውፍረታቸው የተደባለቀ 120 ሽብልቅ ይያዙ፤ በመሃል ቋሚው እግር ሥር የሚገባ ሌላ 8 ይጨምሩ። የታጠፈ ካርቶን እና የእንጨት ስንጣሪ ሽብልቅ አይደሉም። ካርቶኑ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ እንጨቱ ያብጣል።

አሁን ሲልከን። አንድ ቱቦ 300 ሚ.ሊ ይይዛል። የክፍተቱን ስፋት በጥልቀቱ በሚሊ ሜትር ያባዙ፤ የሚያገኙት ቁጥር በአንድ ሜትር የሚገባው ሚ.ሊ ነው። ከውጭ 10 ሚ.ሜ ስፋት በ6 ሚ.ሜ ጥልቀት ከሆነ 60 ሚ.ሊ በሜትር ይሆናል፤ አንድ ቱቦ 5 ሜትር ብቻ ይሄዳል። የእርስዎ ዙሪያ 8 ጊዜ 5.40 እና 2 ጊዜ 2.40፣ በጠቅላላው 48 ሜትር ነው። 48 በ60 ተባዝቶ 2,880 ሚ.ሊ፣ ለ300 ሲካፈል 9.6 ቱቦ። አፉ ላይ እና ቱቦው ውስጥ ለሚቀረው 15 በመቶ ሲጨመር 11 ያልፋል፤ 12 ይግዙ። ባለሙያው ያለው 10 ከዚህ ብዙም አይርቅም ይሉ ይሆናል፤ ግን እስካሁን የቆጠርነው የውጩን ብቻ ነው። ከውስጥ 10 በ5 ሚ.ሜ ቢሞላ ሌላ 2,400 ሚ.ሊ፣ ከእነ ብክነቱ 10 ቱቦ ይፈልጋል። ለውስጡ ሲልከን ሳይሆን ቀለም የሚቀበል አክሪሊክ ይግዙ። ሲልከን ላይ ቀለም አይይዝም፤ ቀቢው ስንት ጊዜ ቢያስኬድበት ይሸሻል።

ለውጩ ሲገዙ ቱቦው ላይ “ኒውትራል” የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ለመስታወት ጥሩ ነው፤ ሲሚንቶ እና ልስን ላይ ግን አይዝም፣ ብረትም ያዝጋል። ጊዜው ያለፈበት ሲልከን ከቱቦው ይወጣል፣ አይደርቅም። ካርቶኑን ከመቀበልዎ በፊት የማብቂያ ቀኑን ያንብቡ፤ ከተጠራጠሩ አንዱን ከፍተው ቁራጭ አሉሚኒየም ላይ ይሞክሩ፣ በማግስቱ እንደ ጎማ መለጠጥ አለበት። ከውጭ ሲልከኑ ከመግባቱ በፊት ከክፍተቱ ትንሽ ወፈር ያለ፣ 12 ወይም 13 ሚ.ሜ የሆነ የስፖንጅ ገመድ ይጠቀጠቃል፤ 51 ሜትር ይበቃዎታል። መሃሉን ለመሙላት 750 ሚ.ሊ የሆነ ፎም 2 ቆርቆሮ ይያዙ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሊትር ፎሙ ሜዳ ላይ ሲነፋ ያለው ነው፤ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ያን ያህል አያብጥም።

ጎማው “እንደ አስፈላጊነቱ” አይባልም። መስኮትዎ ግማሹ የሚከፈት፣ ግማሹ የማይከፈት ከሆነ የሁለቱ መስታወቶች ዙሪያ 6.75 ሜትር ያህል ነው፤ ከውጭም ከውስጥም ስለሚገባ እጥፍ ይሆናል። ለ8ቱ 108 ሜትር፣ ለመታጠቢያ ቤቶቹ 6.5 ሜትር፣ ከ5 በመቶ ጭማሪ ጋር 120 ሜትር። የውጩ እና የውስጡ ጎማ ቅርጽ ስለሚለያይ ከእያንዳንዱ 60 ሜትር ይግዙ። ተከፋቹ ፍሬሙን የሚነካበት ጎማ ደግሞ በሁለት መስመር 70 ሜትር ይመጣል። ያ 5 በመቶ ለብክነት ብቻ አይደለም። ጎማ ሲገጠም ትንሽ ተጨማድዶ መግባት አለበት። አልደርስ ሲል ስቦ የሚያስገባው ሠራተኛ ቀኑን ያተርፋል፤ ጎማው ግን በጥቂት ወር ውስጥ ወደ ልኩ ይመለስና በአራቱም ማዕዘን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ውሃው የሚገባው በዚያ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ለ10 ተከፋቾች 10 ጥንድ የመክፈቻ ክንድ፣ 10 እጀታ ከእነ መቆለፊያው። የማዕዘን ማያያዣ ለ10 ፍሬም 40፣ ለ10 ተከፋች 40፤ ፕሮፋይሉ ሁለት ክፍል ካለው የፍሬሙ 80 ይሆናል። ክንዱን ሲመርጡ ክብደቱን ያስሉ። መስታወት በእያንዳንዱ ሚ.ሜ ውፍረት በካሬ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 6 ሚ.ሜ በካሬ 15 ኪሎ ማለት ነው። የእርስዎ ተከፋች መስታወት 0.61 ካሬ ያህል ስለሆነ 9 ኪሎ ይሆናል፣ አሉሚኒየሙ ይጨመርበታል። ክንዱ ላይ የተጻፈው የመሸከም ልክ ከዚያ በግልጽ የሚበልጥ ካልሆነ ተከፋቹ በዓመቱ አፍንጫውን ይደፋል።

ጥያቄ፦ ተንሸራታች መስኮቶቻችን (6 ናቸው፣ 1.80 በ1.20) ዝናብ በነፋስ ሲመጣ ከታች ሀዲዱ ሞልቶ ወደ ክፍሉ ይፈሳል። ብሩሹም ሳስቷል። ጎማ እግሮቹንም አብረን ልንቀይር ነው። ምን ያህል እንግዛ?
አንባቢዎች፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሀዲዱ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሱና ተመልከቱ። በደቂቃ ውስጥ ወደ ውጭ ካልወጣ ማፍሰሻ ቀዳዳው የለም ወይም ተደፍኗል። ለዚህ ስፋት ከየማዕዘኑ 15 ሴ.ሜ ያህል ገባ ብሎ አንድ አንድ፣ መሃል ላይም አንድ፣ 5 በ30 ሚ.ሜ የሆነ ጠባብ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ከውስጠኛው ሀዲድ ወደ ውጨኛው፣ ከውጨኛው ደግሞ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ብዙ ጊዜ ውጨኛው ብቻ ይበሳና ውስጠኛው ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ከውጭ ሲልከን ሲሞላ ቀዳዳው አብሮ የተደፈነ እንደሆነም በቢላዋ ክፈቱት።

ውሃው ወደ ክፍሉ ከመፍሰስ ይልቅ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ቀለም እያሳበጠ ከሆነ ጥፋቱ የብሎን ነው። የታችኛው ሀዲድ ተበስቶ ወደ ግድግዳው የገባ ብሎን ውሃውን አጅቦ ይወስደዋል። ብሎኑን አውጥታችሁ ቀዳዳውን በኒውትራል ሲልከን ሙሉት፤ ሳይደርቅ ብሎኑን መልሱ፤ አናቱንም ሸፍኑት።

ብሩሹ በተንሸራታቹ ዙሪያ በሁለቱም ፊት ይገባል። አንድ ተንሸራታች 4 ሜትር ያህል ዙሪያ አለው፤ በሁለት ፊት 8፣ በመስኮት 16፣ ለ6ቱ 96 ሜትር። ከትርፉ ጋር 101 ሜትር ግዙ። ነገር ግን አሮጌውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። የጀርባው ስፋት እና የፀጉሩ ቁመት በሚ.ሜ ይለያያል፤ 1 ሚ.ሜ ካጠረ ነፋሱ ያፏጫል፣ 1 ሚ.ሜ ከረዘመ መስኮቱ አልንሸራተት ይላል። እግር በአንድ ተንሸራታች 2፣ በጠቅላላው 24 ነው፤ 2 መጠባበቂያ ጨምሩ። ከላይ ተነስቶ እንዳይወጣ የሚያግደው ፕላስቲክ ከወደቀም 12 ጨምሩ፤ ያ ከሌለ ተንሸራታቹን ከውጭ አንስቶ ማውጣት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የሱቄ የፊት መስታወት ፍሬም 3 ሜትር በ2.80 ነው፤ በሁለት የኮንክሪት ዓምድ መካከል ገብቷል። ዳርና ዳር ያለው ሲልከን በየዓመቱ ከአንድ ወገን ይላቀቃል። ሦስት ጊዜ አስሞላሁት።
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አሉሚኒየም በሙቀት ይረዝማል፤ በእያንዳንዱ ሜትር በ1 ዲግሪ 0.024 ሚ.ሜ ያህል። ጠዋት ቀዝቅዞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው ፍሬም የ40 ዲግሪ ልዩነት ሊያይ ይችላል። 3 ሜትሩ በ0.024 እና በ40 ሲባዛ 2.9 ሚ.ሜ ነው፤ ለሁለቱ ጫፎች ሲካፈል በየጎኑ 1.4 ሚ.ሜ። ጥሩ ሲልከን ከስፋቱ 25 በመቶ ያህል መለጠጥ እና መጨመቅ ይችላል። ስለዚህ 1.4 ሚ.ሜ ለመቻል ቢያንስ 6 ሚ.ሜ፣ ሳይጨነቅ እንዲሠራ ደግሞ 10 ሚ.ሜ ስፋት ይፈልጋል። ፍሬሙ ዓምዱን ሊነካ ጥቂት ብቻ ቀርቶት ገብቶ ከሆነ ስንት ጊዜ ቢሞላ ይቀደዳል።

ሌላው ምክንያት አሞላሉ ነው። ከጀርባው የስፖንጅ ገመድ ሳይገባ የተሞላ ሲልከን ፍሬሙን፣ ዓምዱን እና የኋላውን ግድግዳ፣ ሦስቱንም ይይዛል። በሁለት ወገን ብቻ የተያዘ ሲልከን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ በሦስት የተያዘ መለጠጫ ስለሌለው ይቀደዳል። ከአንድ ወገን ንጹሕ ሆኖ የተላቀቀ እንደሆነ ግን ያ ወገን አቧራ ነበረበት ወይም አሮጌው ሲልከን ሳይጸዳ ተደርቦበታል። አዲስ ሲልከን በደረቀ አሮጌ ሲልከን ላይ አይዝም፤ ሦስት ጊዜ ያስሞሉት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሮጌውን በምላጭ እስከ መጨረሻው ይፋቁ፣ ዓምዱን በሽቦ ብሩሽ፣ አሉሚኒየሙን በአልኮል ይጥረጉ። ዙሪያው 11.6 ሜትር ነው፤ 10 በ6 ሚ.ሜ ሲሞላ 696 ሚ.ሊ፣ ከብክነቱ ጋር 3 ቱቦ ኒውትራል። ገመድ 12.5 ሜትር። ጠዋት፣ ፍሬሙ ሳይግል ያስሞሉ።

ጥያቄ፦ በ1962 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ቤት ገዝተን 12 መስኮቶችን፣ ሁሉም 36 በ60 ኢንች፣ አሮጌውን የእንጨት ፍሬም ሳንነቅል በቪኒል ልንቀይር ነው። እኔና ወንድሜ ራሳችን ልንሠራው አስበናል። መስኮቱን ከገዛን ሌላው ምን ይፈልጋል?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀለሙ። ከ1978 በፊት በተሠሩ የአሜሪካ ቤቶች የመስኮት ቀለም ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል፤ አሮጌው መስኮት ሲነቀል የሚነሳው አቧራ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ከሚያዝያ 2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንዲህ ያለ ቤት በክፍያ የሚሠራ ተቋራጭ ከፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው። የራሳችሁን ቤት ራሳችሁ ስትሠሩ ወረቀቱ አይጠየቅም፣ አቧራው ግን ያው ነው። ተቋራጮቹ እንደሚገደዱት ከውስጥ ወለሉን ከመስኮቱ በየአቅጣጫው 6 ጫማ፣ ከውጭ መሬቱን 10 ጫማ በወፍራም ፕላስቲክ ሸፍኑ። ለአንድ ባለ 36 ኢንች መስኮት ከውስጥ 15 በ6 ጫማ ይመጣል። ፕላስቲኩን በሂሳባችሁ አስገቡት፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

የአንዱ መስኮት ዙሪያ 16 ጫማ ነው። በአሜሪካ መደብር የሚሸጠው ባለ 10.1 አውንስ ቱቦ 3/8 በ1/4 ኢንች ሲሞላ የሚሄደው ልክ 16 ጫማ ነው፤ በተግባር ከዚያ ያነሰ። አንድ ዙር መስኮቱ ከመግባቱ በፊት ከጎኖቹ እና ከላይ በሚያርፍበት እንጨት ላይ፣ ሌላ ዙር ከገባ በኋላ ከውጭ ይሞላል። ለ12ቱ 28 ቱቦ ያዙ። ፎሙ ላይ “ለመስኮት እና ለበር” መባሉን እዩ። ሌላው ዓይነት ሲያብጥ የቪኒሉን ጎን ወደ ውስጥ ይገፋና መስኮቱ መሃል ላይ ይጣበቃል። በቀጭን ቱቦ የሚነፋው ቆርቆሮ አንዴ ተከፍቶ ካደረ ይደፈናል፤ ስለዚህ ፎም የሚቆጠረው በመስኮት ብቻ ሳይሆን በሥራ ቀንም ነው። በአንድ ቀን አራት መስኮት ከገጠማችሁ አራቱንም በአንድ ጊዜ ንፉ።

ብሎኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮቱ ጋር ይመጣል፤ ሽብልቅ አይመጣም። በእያንዳንዱ ብሎን ጥንድ ሽብልቅ ከሁለት ወገን ተቃራኒ ሆኖ ይገባል። ብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት ሰያፎቹን ለኩ፤ ከ1/4 ኢንች በላይ ከተለያዩ ሽብልቁን አስተካክሉ።

ጥያቄ፦ የወላጆቼ ቤት የብረት መስኮት ነው። 40 በ30 የሆኑ 24 መስታወቶች ስቱኮአቸው (መስታወቱን ከብረቱ ጋር የሚይዘው ልጥፍ) ረግፏል፤ ብዙዎቹም ተሰንጥቀዋል። ሁሉንም ልቀይር ነው።
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ መስታወቱ ከመቀመጫው በየጎኑ 2 ሚ.ሜ ያንሳል፤ ስለዚህ የሚያስቆርጡት 396 በ296 ሚ.ሜ ነው። 2.44 በ1.83 ከሆነ አንድ ሉህ ላይ 40ውን በረጅሙ ጎን ካስቆረጡት 36፣ 30ውን በረጅሙ ካስቆረጡት 32 ይወጣል። አንድ ሉህ ይበቃል፤ ትርፉን ያስቀምጡት።

ስቱኮው በአንድ ሜትር 160 ግራም ያህል ይበላል፤ ከመስታወቱ ሥር የሚነጠፈውን ጨምሮ ነው። የ24ቱ ዙሪያ 33.6 ሜትር ስለሆነ 6 ኪሎ ይግዙ። ከመስታወቱ ሥር ሳይነጠፍ ከላይ ብቻ የሚቀባ ስቱኮ በአንድ ክረምት ይረግፋል።

ለምን እንደተሰነጠቁ ግን ብረቱን ይዩት። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በመቀመጫው ውስጥ ሲያብጥ መስታወቱን ከጥግ ይሰነጥቀዋል። አሮጌውን ስቱኮ ነቅለው ብረቱን እስኪነጣ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉት፤ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብተው ያድርቁት፤ ከዚያ ነው ስቱኮው። ባልተቀባ ብረት ላይ ዝገቱ ይመለስና ስቱኮው ይላቀቃል። ስቱኮው ቆዳ እስኪያበጅ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ በዘይት ቀለም ሲቀቡት ብሩሹን 2 ሚ.ሜ ያህል መስታወቱ ላይ አሳልፈው ይሳቡት። ቀቢዎች ይህን መስመር ለማሳመር ይፍቁታል፤ አያስፍቁት፤ ውሃው በስቱኮው እና በመስታወቱ መካከል እንዳይገባ የሚዘጋው እሱ ነው።